ያደረ ዳቦ ለእሑድ ረፋድ

ደብረ ብርሃን ከተማ ያላችሁ፣ በአንኮበርና በጎረቤላ፣ ቁልቁል በአልዩ አምባና በሸዋ ሮቢት የምታዳምጡን ሁሉ፣ የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ደረቀ ዳቦ ነው። በዓል ካለፈ በኋላ በሌማቱ ስለሚቀረው፣ ልጆች አንነካም ስለሚሉት፣ እናቶችም ለመጣል እጃቸው እምቢ ስለሚላቸው ዳቦ። ይህን ዳቦ ማታ በእንቁላልና በወተት አርሰን እናሳድረዋለን፤ ጠዋት በኦቨን ወይም በከሰል ጋግረን መላው ቤተሰብ የሚቀርበው ትኩስ ቁርስ እናደርገዋለን። አዲስ አበባ ካፌ ገብታችሁ ፍሬንች ቶስት የሚሉትን የቀመሳችሁ ካላችሁ፣ የዛሬው የዚያ ዘመድ ነው። ያኛው በመጥበሻ አንድ ሁለት ቁራጭ እየተጠበሰ ለአንድ ሰው ይቀርባል፤ ይህኛው በትሪ ተጋግሮ ለስምንት ሰው ይበቃል። መጠኑን ስናገር እንድትጽፉት ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርቡ።

በመጀመሪያ መቼ እንደሚሠራ እንነጋገር። ለእኔ የዚህ ምግብ ሰዓቱ የፍስክ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። ሌሊት ተነሥቶ ያስቀደሰ ሰው እህል ሳይቀምስ ቆይቶ ረፋዱ ላይ ቤቱ ሲገባ ሽንኩርት ከትፎ ወጥ ለመሥራት አቅሙም ትዕግሥቱም የለውም። ለቁርስ ረፍዷል፣ ለምሳ ገና ነው። በዚህ ምግብ ግን ሥራው ሁሉ ቅዳሜ ማታ አልቋል፤ እሑድ የሚቀረው እሳት ማያያዝና መጠበቅ ነው። እንግዳ አብሯችሁ ከቤተ ክርስቲያን ቢመጣም አያስደነግጣችሁም።

እንቁላልና ወተት ስላለበት በጾም አይበላም። ስለዚህ ዐቢይ ጾምን፣ ከኅዳር 15 እስከ ገና ያለውን የነቢያት ጾም፣ የሐዋርያትን ጾም፣ ፍልሰታንም አውጥታችሁ የቀሩትን እሑዶች ያዙ። ከሁሉ የሚመቸው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው በዓለ ኃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም የተረፈው ቀን ሳይቆጠርበት ይበላል። ጥርም መልካም ነው። ገናና ጥምቀት በየቤቱ ድፎ ዳቦ የሚቆረስባቸው፣ ብዙውም የሚተርፍባቸው በዓላት ናቸው። ቡሄ ለብቻው ይታሰብ። ነሐሴ 13 ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ የሚሰበስቡት ሙልሙል በፍልሰታ ጾም መካከል ይገኛል፤ ጾሙ የሚፈታው ነሐሴ 16 ነው። የተረፈውን ሙልሙል ቆራርጣችሁ ከምድጃ አጠገብ፣ ጭስ በማይደርስበት ቦታ አድርቁትና በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ አቆዩት። ጾሙ ሲፈታ ለዛሬው ምግብ የተዘጋጀ ዳቦ አላችሁ ማለት ነው። በአልዩ አምባም ሆነ በሌላ ስፍራ ያላችሁ ሙስሊም አድማጮቻችን ለረመዳን ስሑር ብትሠሩት ሌሊቱን ከድካም ያሳርፋችኋል።

አሁን ወደ ዳቦው እንግባ። ዳቦ ለምን ይደርቃል? ብዙዎቻችን ውኃው ተንኖ ነው እንላለን፤ ይህ ግማሹ ብቻ ነው። ዣን ባፕቲስት ቡሲንጎ የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1852፣ ውኃ እንዳይወጣው ታሽጎ የተቀመጠ ዳቦም እንደሚደርቅ፣ መልሶ ሲሞቅም እንደሚለሰልስ አሳይቷል። ምክንያቱ በኋላ ተብራርቷል። ሊጥ ሲጋገር በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ዳቦው ሲቀዘቅዝ ያ ስታርች ቀስ በቀስ ተመልሶ ይደረደራል፣ ይጠጥራል። ትናንት የተጋገረ ዳቦ ምጣድ ላይ ሲሞቅ ለጊዜው ነፍስ የሚዘራው ሙቀቱ ያንን የጠጠረ ስታርች ስለሚፈታው ነው።

ይህ መጠጠር ከሁሉ በላይ የሚፈጥነው በብርድ ነው፤ ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ላይ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጯን የማያውቅ የለም። እንግዲህ ዳቦ በደብረ ብርሃን ቶሎ ቢደርቅ የጋጋሪዋ ጥፋት አይደለም። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ሞቃት ናት፤ እዚያ ዳቦ ሳይጠጥር ይሻግታል። ደጋው ዳቦን ያደርቃል፣ ቆላው ያሻግታል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አደራ ያዙልኝ። የደረቀ ዳቦ ምግብ ነው። የሻገተ ዳቦ ግን ሻጋታው የሚታይበትን ቦታ ብቻ ቆርጦ መብላት አይቻልም፤ ዳቦ ውስጡ ክፍት ክፍት ስለሆነ ሻጋታው ዓይን ከሚያየው አልፎ ይገባል። እሱን ጣሉት፤ እንኳን ለልጅ፣ ለበግም አትስጡት።

ለዛሬው ምግብ ደረቁ ዳቦ ከትኩሱ ይበልጣል። ትኩስ ዳቦ ወተት ሲነካው ይቦካል፣ ገንፎ ይሆናል። የደረቀው ወተቱን ይመጠዋል፣ ቅርጹን ግን አይለቅም። ይህን ዘዴ አገራችን ለእንጀራ ከጥንት ታውቀዋለች። ድርቆሽ ለመንገድ ስንቅ ይያዛል፣ ሲፈለግ በወጥ ርሶ ፍርፍር ይሆናል፤ እርጥብ እንጀራ ድርቆሽን ተክቶ ያንን ጣዕም አይሰጥም። በሌላውም ዓለም ነገሩ የቆየ ነው። በአፒኪዩስ ስም የሚታወቀው የጥንት ሮማውያን የምግብ መጽሐፍ ዳቦን ቆርሶ፣ ወተት ውስጥ ነክሮ፣ ጠብሶ፣ ማር አፍስሶ መብላትን ይናገራል። ማሩን እኛም አንተወውም።

የትኛው ዳቦ ይሻላል? የፉርኖ ዳቦ ይሆናል፤ ከዳቦ ቤት የተገዛ፣ ሁለት ቀን የሞላው። ለእኔ ግን የሚበልጠው ድፎ ነው። ድፎ ወፍራም ነው፣ ውስጡ ጠንከር ይላል፤ በኮባ ቅጠል ተጋግሮ ከሆነ የቅጠሉ መዓዛ ከቅርፊቱ አይለቅም። ከሥሩ የጠቆረ ካለ ፋቁት። ጥቁር አዝሙድና ድንብላል የገባበት ድፎ ከሆነ የምንጨምረውን ቅመም በግማሽ እንቀንሳለን። የገብስ ዳቦ የምትጋግሩ የአንኮበርና የመንዝ አድማጮች ደግሞ ይህን እወቁ። ገብስ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ሊጥ ስለሌለው ሲረጥብ ይፈረፈራል። ንጹሕ ገብስ አይሆንም፤ ስንዴና ገብስ ቅልቅል ከሆነ ግን ወተቱን በአንድ የሻይ ብርጭቆ ቀንሱና ሥሩት፣ ጣዕሙ ግሩም ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን መጠኑን ጻፉ። ግማሽ ኪሎ ደረቅ ዳቦ። ሦስት አራተኛ ሊትር ወተት። ስድስት የፈረንጅ እንቁላል፤ የሐበሻ ከሆነ አነስ ስለሚል ስምንት። አራት የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም ስኳር። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ጨው አትርሱ፣ ያለ እሱ ጣፋጩ ጣዕም አይኖረውም። አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ። ትሪውን ለመቀባትና ከላይ ጣል ለማድረግ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ለጋ ቅቤ።

ስለ ቅቤው አንድ ቃል። የሸኖ ለጋ ቅቤ የሚታወቅበት መንገድ ላይ ተቀምጠን ሌላ ፍለጋ መሄድ አያስፈልገንም። በኮሰረት የተነጠረው ቅቤ ግን ለወጥ ይቀመጥ፤ መዓዛው ከማሩ ጋር ይጋፋል። ወተቱም ከጎረቤት የተገዛ ጥሬ ወተት ከሆነ መጀመሪያ ይፈላ፣ ከዚያም በደንብ ይቀዝቅዝ። ትኩስ ወተት እንቁላል ላይ ከፈሰሰ እንቁላሉን በቦታው ያበስለዋል፣ ድብልቁም ይቋጠራል። ሲፈላ ከላይ የሚይዘውን ስልባቦት አታውጡት፤ አብሮ ይግባ።

ኮረሪማና ቀረፋ ስል አልዩ አምባ ትዝ ትለኛለች። እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን በገዙት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ በአፋር በረሃ አቋርጠው የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ዳገቱን ወደ አንኮበር ከመውጣታቸው በፊት የሚያርፉት በዚያች ገበያ ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኛው ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 በዚሁ አቀበት ነው ወደ ቤተ መንግሥቱ የወጡት። ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ከደጋው እህል ጋር የተገናኘበት መንገድ ነው። የዛሬውም ምግብ በዚያው ዓይነት መንገድ የመጣ እንግዳ ነውና በራሳችን ቅመም እንቀበለው።

ወደ ቅዳሜ ማታው ሥራ እንመለስ። ዳቦውን በአውራ ጣት ውፍረት ቆራርጡት። ትሪውን ቅቤ ቀቡ፤ የላዛኛ ትሪ ያለው ሰው እሱን ይጠቀም። ዳቦውን ሳታጨናንቁ ደርድሩ። እንቁላሉን አንድ በአንድ ሌላ ስኒ ላይ እየሰበራችሁ ጨምሩ፤ ከገበያ የተገዛ እንቁላል መካከል አንዱ የተበላሸ ቢሆን ሌላውን ሁሉ ይዞ አይጠፋም። ማሩን፣ ጨውን፣ ቅመሙን ጨምራችሁ ምቱ፣ ወተቱን አፍስሱና አዋህዱ። ከዚያ በዳቦው ላይ እኩል አዳርሱት፣ በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን አድርጉ። ከላይ ያሉትን ቁርጥራጮች አንድ ጊዜ ገልብጧቸው፤ ካልተገለበጡ አናታቸው ደረቅ ሆኖ ያድራል። ጥሬ ድብልቁን ጣፍጧል አልጣፈጠም ብላችሁ አትቅመሱ፤ ጥሬ እንቁላል ሆድ የሚያሳምም ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል። ሸፍናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት።

ፍሪጅ የሌለን ምን እናድርግ? ይህን ጥያቄ ማለፍ አልፈልግም፤ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎችም፣ በገጠር ያላችሁ አድማጮችም ጥያቄያችሁ ይህ እንደሚሆን አውቃለሁ። የደብረ ብርሃን ሌሊት ራሱ ፍሪጅ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ደጁ እውነትም ይቀዘቅዛል፤ ማድ ቤቱ ግን እሳት ሲነድበት አምሽቶ ለብ ብሎ ያድራል። እንቁላልና ወተት የተደባለቀበት ነገር ከአምስት ዲግሪ በታች ካልሆነ ሌሊቱን ሙሉ መቀመጥ የለበትም። ስለዚህ ፍሪጅ ከሌለ ሌሊቱን የሚሠራው ዳቦው ብቻ ይሁን። ማታ ቆራርጣችሁ፣ በትሪ ዘርግታችሁ፣ ስስ ጨርቅ አልብሳችሁ አድርቁት። እንቁላሉና ወተቱ ጠዋት ይመቱ፤ በደንብ የደረቀ ዳቦ ግማሽ ሰዓት ከተነከረ እስከ መሀሉ ይርሳል። በጣዕም ረገድ ከፍሪጁ ብዙ አያንስም። በቆላው ላላችሁ ደግሞ ይህ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ጠዋት ትሪውን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ አቆዩት። በተለይ የመስታወት ትሪ ከብርድ በቀጥታ ወደ ጋለ ኦቨን ከገባ ሊሰነጠቅ ይችላል። ኦቨኑን 180 ዲግሪ ላይ አሙቁ። በፎይል ሸፍናችሁ ሠላሳ ደቂቃ፣ ከዚያ ገልጣችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ጋግሩ።

ፎይሉ ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ። ባቄላና አተር እዚህ ሲቀቀል ዕድሜ የሚፈጀው ለዚህ ነው። ለዛሬው ምግብ ግን ይህ ብዙ አያሰጋም። በወተት የቀጠነ እንቁላል የሚረጋው 80 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የውኃው መፍያ ሳይደረስ ይበስላል። የሚያሰጋው ትነቱ ነው። በደጋ ውኃ ቶሎ ይተናል፣ ላዩ ሳይታሰብ ይደርቃል። አዲስ አበባ ወይም ከባሕር አጠገብ ያለች ዘመዳችሁ የላከችላችሁን መመሪያ ቃል በቃል ብትከተሉ ዳቦው ደርቆ ሊወጣ ይችላል፤ እናንተ ሸፍኑት፣ ወተቱንም ሩብ የሻይ ብርጭቆ ጨምሩበት።

መብሰሉን በሰዓት ብቻ አትፍረዱ። መሀሉ ላይ ቢላ ስኩ፤ እርጥብ ወተት ይዞ ካልወጣ በስሏል። ቴርሞሜትር ያላችሁ መሀሉ ቢያንስ 71 ዲግሪ መድረሱን ተመልከቱ። ከዚያ በኋላ እሳት ላይ አታቆዩት። እንቁላል ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይኮማተርና የያዘውን ውኃ ይለቃል፤ ከትሪው ሥር ውኃ ቋጥሮ ካያችሁ የበዛበት እሳት ነው።

ከላይ የሚነሰነስም አለ፤ ይህ የእኔ ምርጫ ነው። አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ሁለት ማንኪያ ለጋ ቅቤ፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር በጣታችሁ እያሻችሁ ፍርፍር አድርጉት። ጭኮ የምትሠሩ እጃችሁ ያውቀዋል። ፎይሉ ከተነሣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነስንሱት፤ በሶው ቀድሞ የተቆላ ገብስ ስለሆነ ከመጀመሪያው ከገባ ይጠቁራል። ላዩ ሲቀምሱት ቆርሸም ይላል፣ የገብስ ቆሎ ሽታውም ቤቱን ይሞላዋል። እንዲህ ሲሠራ ያ የካፌ ምግብ የሰሜን ሸዋ ምግብ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ኦቨን የሌላችሁ፣ ወይም ልክ በዚያ ሰዓት መብራት የጠፋባችሁ፣ ድፎ የምትጋግሩበትን ጥበብ አስታውሱ፤ እሳት ከታች፣ እሳት ከላይ። ልዩነቱ ድፎ መሀል ላይ ይገለበጣል፣ ይህ ግን ፈሳሽ ስላለበት አይገለበጥም። በዚህ ምክንያት የኤሌክትሪክ ምጣድ አልመክራችሁም፤ ከታች ብቻ ስለሚያቃጥል ሥሩ አሮ ላዩ ጥሬ ይቀራል። የሚሻለው ወፍራም ብረት ድስት ነው። ውስጡን በኮባ ቅጠል ሁለት ድርብ አልብሱት፣ ቅጠሉን ቅቤ ቀቡ፣ የረሰውን ዳቦ አስገቡ፣ ክደኑት። ከታች የከሰሉ እሳት ልል ይሁን፤ ከክዳኑ ላይ ፍም በትኑበት። ከሃምሳ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ክዳኑን ቶሎ ቶሎ አትክፈቱ፣ አመድ ይገባል።

ከሰሉን በሚመለከት ግን አደራ እላችኋለሁ። በብርዱ ወራት በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ቤት ውስጥ ማንደድ ሰው ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ ራስ ምታትና ድካም ሲሰማው ሰውየው ከመነሣቱ በፊት ሊወድቅ ይችላል። ከሰሉን ደጅ አያይዙት፣ ምግቡንም ደጅ ወይም በሩ በተከፈተ ማድ ቤት አብስሉት። ቁርሱ ከተበላ በኋላ ፍሙን ለሙቀት ብላችሁ ልጆች ወደሚተኙበት ክፍል አታስገቡት።

ሲወጣ አሥር ደቂቃ ይረፍ፤ ያኔ ሲቆረጥ ቅርጹን ይይዛል። ማር በላዩ ጠብ አድርጉና በሻይ ወይም በቡና አቅርቡት።

በጾም ጊዜ መሥራት የምትፈልጉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። የሱፍ ፍትፍት የሚሠራ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ ሱፉን አፍልታችሁ፣ ፈጭታችሁ አጥልሉትና በወተቱ ቦታ ተጠቀሙበት። በእንቁላሉ ቦታ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በውኃ በጥብጣችሁ፣ ዝልግልግ እስኪል ጠብቃችሁ ጨምሩ። በቅቤ ፈንታ ዘይት ይሁን። እንደ ፍስኩ አይነፋም፣ ጠፍጠፍ ብሎ ይወጣል፤ ጣዕሙ ግን የራሱ ነው፣ ሱፍና ማር ይስማማሉ።

የፍስኩ ከተረፈ ሲቀዘቅዝ ፍሪጅ ይግባ። ሰኞ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በመጥበሻ በጥቂት ቅቤ ሁለቱን ጎን ብታሞቁት ላዩ ቆርሸም ብሎ ይቀርባል። ከበዓለ ኃምሳ ውጭ ከሆነ ግን ማክሰኞ ማታ ጨርሱት፤ በማግስቱ ረቡዕ ነው።